የእኔ ከተማ ትበልጣለች፦ ነዋሪዎች ከተሞችን የሚያወዳድሩበት ሚዛን

ከአዲስ አበባ ቀጥሎ የኢትዮጵያ ትልቁ ከተማ የትኛው ነው? የድሬዳዋ፣ የአዳማ፣ የመቐለ፣ የጎንደር፣ የሐዋሳና የባሕር ዳር ልጆች አብረው ቡና በሚጠጡበት ቦታ ይህን ጥያቄ የሚያነሳ ሰው አቦል ላይ ቢጀምር በረካ ላይም መልስ አያገኝም። ሁሉም የራሱን ከተማ ይጠራል፣ ሁሉም ቁጥር ይጠቅሳል፤ የሚያስገርመው ደግሞ ከሚጠቀሱት ቁጥሮች ብዙዎቹ ከመንግሥት ሰነድ የተወሰዱ ትክክለኛ ቁጥሮች መሆናቸው ነው። ክርክሩ ማብቂያ የሚያጣው ተከራካሪዎቹ ከተማን የሚለኩበት ሚዛን ስለሚለያይ፣ ሚዛኑንም የሚመርጡት ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድመው ከወሰኑ በኋላ ስለሆነ ነው።

የከተማ ፉክክር ብዙ ጊዜ እንደ ጨዋታና ቀልድ ይታያል። ሆኖም የክልል መቀመጫ የት ይሁን፣ ዩኒቨርሲቲው የት ይከፈት፣ መንገዱ በየት በኩል ይለፍ በሚሉ ውሳኔዎች ውስጥ ሁሉ እጁን ያስገባል። ስለዚህ ነዋሪዎች ከተሞችን ሲያወዳድሩ በትክክል ምን እያደረጉ እንደሆነ ረጋ ብሎ መመልከት ተገቢ ነው።

ከሕዝብ ብዛት እንጀምር፤ ቁጥር በመሆኑ ብቻ ለክርክር ቦታ የማይሰጥ ይመስላልና። አገሪቱ ሕዝቧን ለመጨረሻ ጊዜ የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ነው። በዚህ ቆጠራ መሠረት ሐዋሳ 258,808 ነዋሪዎች ነበሯት። በዚሁ ቆጠራ መሠረት ሐዋሳ 157,139 ነዋሪዎች ነበሯት። ሁለቱም አኃዞች ትክክል ናቸው፤ ትልቁ በከተማው አስተዳደር ወሰን ውስጥ የተካተቱትን የገጠር ቀበሌዎች ጭምር ይይዛል፣ ትንሹ ደግሞ ከተማ ተብሎ በተመዘገበው ክፍል የሚኖረውን ሰው ብቻ ይቆጥራል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ100,000 ሰው በላይ ሲሆን ይህም በዚያን ጊዜ የነበረችውን ሻሸመኔን የሚያህል ከተማ ማለት ነው። ባሕር ዳር ደግሞ ሦስት ቁጥሮች አሏት፦ የአስተዳደሩ ጠቅላላ 221,991፣ ጢስ ዓባይን፣ መሸንቲንና ዘጌን የመሳሰሉ በሥሯ ያሉ ትንንሽ ከተሞች ሲጨመሩ 180,174፣ ዋናው ከተማ ለብቻው ሲቆጠር 155,428። ድሬዳዋም እንዲሁ ከገጠሯ ጋር 341,834፣ ያለ ገጠሯ 233,224 ነበረች።

እዚህ ላይ የሚሆነውን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ጠባቡን ወሰን የያዘ ሰው ድሬዳዋን በ233,224 ያስቀድምና አዳማን በ220,212፣ መቐለን በ215,914፣ ጎንደርን በ207,044 ያስከትላል፤ ሐዋሳንና ባሕር ዳርን ከሁሉም በታች ያወርዳቸዋል። ሰፊውን ወሰን የያዘ ሰው ግን ድሬዳዋን ከቦታዋ ሳያነቃንቅ ሐዋሳን ሁለተኛ፣ ባሕር ዳርን ሦስተኛ ያደርጋቸዋል፤ አዳማ፣ መቐለና ጎንደር ከሕዝባቸው አንድም ሰው ሳይቀነስ ወደ ታች ይሰለፋሉ። በሁለቱ ሰልፎች መካከል የተለወጠው ካርታ ላይ የተሰመረ መስመር ብቻ ነው። የሐዋሳው ነዋሪ ሰፊውን ቁጥር ሲጠቅስ አጭበርብሯል ለማለት ግን አልደፍርም፤ ያኔ ገጠር የነበረው የቱላ አካባቢ ዛሬ ቤት እየተሠራበት ከከተማው ጋር እየተገጣጠመ ነው፣ ከተማም የሚያድገው በዳርቻው በኩል ነው።

አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ በመራዘሙ ዛሬ በየመድረኩ የሚጠቀሱት የከተማ ሕዝብ ቁጥሮች ሁሉ ትንበያዎች ናቸው። ትንበያ የቀድሞውን ቁጥር በተገመተ የዕድገት መጠን እያባዛ የሚሄድ ስሌት ነው፤ መነሻው የ1999 ቆጠራ ስለሆነ የዚያን ጊዜውን ወሰን ከነጣጣው ይዞ ይጓዛል፣ ከዚያ ወዲህ በጦርነትና በግጭት የተፈናቀለውን ወይም የኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ፍለጋ የጎረፈውን ሰው ግን በቅጡ አያውቀውም። ስለዚህ አንድ ሰው «ከተማችን ሁለተኛ ናት» ሲል መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ወሰኑን የት ላይ እንዳቆመው ነው።

ወሰኑ ከታወቀ በኋላ የሚነሳው ነገር ከማን ጋር እንወዳደራለን የሚለው ነው፤ ሰው ከተማውን ካገኘው ከተማ ሁሉ ጋር አያወዳድርምና። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሊዮን ፌስቲንገር እ.ኤ.አ. በ1954 ባቀረበው ሐሳብ፣ ሰው ራሱን መመዘን ሲፈልግ ዓይኑን የሚጥለው እጅግ በሚርቀው ላይ ሳይሆን በሚመስለው ላይ ነው ብሏል፤ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ሲሆን ንጽጽሩ ምንም አይነግረንምና። የሐዋሳ ነዋሪ ቶኪዮ ትበልጠናለች ብሎ እንቅልፍ አያጣም፤ ስለ ባሕር ዳር ሲነሳ ግን ወንበሩን አስጠግቶ ይቀመጣል። ሁለቱ ከተሞች ሐይቅ ዳር ናቸው፣ ሁለቱም የክልል ርእሰ ከተማ ናቸው፣ ሁለቱም መልካቸውን የያዙት ባለፈው ምዕተ ዓመት አጋማሽና ከዚያ ወዲህ በፕላን ተመርተው ነው፣ በሁለቱም ሜዳማ ጎዳናዎች ብስክሌትና ባጃጅ ይርመሰመሳሉ። አንዱ ጣናንና ዘምባባውን ሲያነሳ ሌላው አሞራ ገደልን ይጠራል፤ አሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች በሰው እግር ሥር ተሰልፈው ቁራጭ የሚጠብቁበትን ያንን የሐይቅ ዳር ገበያ። ያፎካከራቸው መመሳሰላቸው ነው።

መመሳሰል ሲጨመርበት ደግሞ ዝምድና ካለ ፉክክሩ ሥር ይሰድዳል። ለዚህ ከሐረርና ከድሬዳዋ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ሐረር ለዘመናት የምሥራቁ ንግድ እምብርት ነበረች፤ በጀጎል ግንብና በአምስት በሮቿ የተከበበች፣ በውስጧ 82 መስጊዶችን የያዘች ከተማ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 የባቡር መስመር ሥራ ፈቃድ ሲሰጡ ከጅቡቲ የሚነሳው ሐዲድ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር። ይሁን እንጂ ከበረሃው ተነስቶ ከ1,800 ሜትር በላይ ወደምትገኘው ከተማ የሚያወጣው ዳገት ለሐዲዱ እጅግ አስቸጋሪና ውድ ሆኖ ስለተገኘ መስመሩ ከተራራው ግርጌ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተወሰነ። ባቡሩ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. የደረሰበት ያ የቆላ ሥፍራ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ፤ በኋላ ስሙ ድሬዳዋ ሆኖ ጸና። እንግዲህ ድሬዳዋ የተወለደችው ሐረር ባጣችው ነገር ነው። ከየአገሩ የመጡት ነጋዴዎች ዕቃቸውን ጠቅልለው ወደ ባቡሩ ወረዱ፣ መጋዘኑም ጉምሩኩም እዚያው ተከተለ።

ይህ ታሪክ እስከ ዛሬ ሁለቱ ከተሞች ራሳቸውን በሚገልጹበት አነጋገር ውስጥ አለ። ሐረር ስለ ራሷ ስትናገር ዕድሜዋን፣ ግንቧን፣ ሥርዓቷንና የቤት አያያዟን ታስቀድማለች። ድሬዳዋ ደግሞ ማንም መጥቶ የእኔ የሚላት፣ ዘር የማትጠይቅ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አማርኛውን፣ ኦሮምኛውን፣ ሶማልኛውንና ሐረሪኛውን የምትቀላቅል ከተማ መሆኗን ትናገራለች። የባቡር ኩባንያው በመስመር ያሰመራትና በዛፍ ጥላ ያለበሳት ከዚራ በደቻቱ ወንዝ አንደኛው ወገን፣ ከፊራ ገበያ የሚገኝባት ግርግረኛዋ መጋላ በሌላው ወገን መሆናቸው ራሱ የድሬ ልጆች እርስ በርስ የሚወራረፉበት ርዕስ ነው። አንዱ ከተማ በጥንታዊነት ሲመካ ሌላው በአዲስነት ይመካል፤ ሁለቱም ኩራቶች የተቀረጹት ሌላውን እያዩ ነው። ሐረር ባትኖር ድሬዳዋ በአዲስነቷ የምትኮራበት ምክንያት አይኖራትም ነበር።

የሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሁኔታ ግን ንጽጽር የማይሠራበት ቦታ እንዳለ ያሳያል። በዚያ ወር መጀመሪያ የሐረር ጀጎል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በዚያው ወር መጨረሻ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚከርመው ደቻቱ ሌሊት ላይ ሞልቶ ድሬዳዋን ጠረገ፤ ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ሺዎችም ቤት አልባ ሆኑ። በዚያ ሳምንት ማን ይበልጣል ብሎ የጠየቀ ሰው ቢኖር ነውረኛ ይባል ነበር። ከዚህ የማይተናነስ ሌላ ነገርም አለ። ሐረር ለረጅም ጊዜ የጠጣችው ከሐረማያ ሐይቅ ሲሆን ሐይቁ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲደርቅ መፍትሔው የተገኘው በድሬዳዋ በኩል ባለው ቆላ ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ነበር። ባቡሩ ያልወጣውን ዳገት ውሃው በፓምፕ እየተገፋ ወጣ። በአንደበት የሚፎካከሩ ከተሞች በቧንቧ፣ በመንገድና በገበያ አንድ አካል ሆነው ሊኖሩ ይችላሉ፤ የደረጃ ዝርዝር የሚያወጣ ሰው ግን ሁለቱን በሁለት የተለያዩ መደዳዎች ላይ ጽፎ ያልፋቸዋል።

ሚዛን የመምረጡ ጉዳይ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ሄንሪ ታጅፌልና ጆን ተርነር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንዳስረዱት ሰው ለራሱ ከሚሰጠው ግምት የተወሰነውን የሚያገኘው ከሚገኝበት ቡድን ክብር ነው፤ ስለዚህ ቡድኑ በአንድ መለኪያ ከተሸነፈ ሽንፈቱን ከመቀበል ይልቅ መለኪያውን ይለውጣል። የእኛ ከተሞች ይህን ያለ አስተማሪ ያውቁታል። ጎንደር ከአፄ ፋሲል ዘመን ጀምሮ ስለቆመው ግቢዋና ስለ አርባ አራቱ ታቦቷ ስትናገር የክልል መቀመጫነትን አታነሳም፤ የክልሉ መቀመጫ ባሕር ዳር ነውና። ባሕር ዳር ስለ ሰፋፊ ጎዳናዎቿና ስለ ሐይቋ ስትናገር ወደ ዕድሜ አትገባም፤ በዚያ ሚዛን ጎንደር ፊት ሕፃን ናት። አዳማ መንገዷንና ገበያዋን፣ ጅማ ልምላሜዋንና ቡናዋን ታነሳለች። እዚህ ውስጥ ውሸት የለም። እያንዳንዱ ከተማ የሚያነሳው እውነት ያለውን ነገር ነው፤ የሚያስቸግረው ሳይነሳ የሚቀረው ነው።

እግር ኳስ ይህን ሁሉ በአንድ ሜዳ ላይ ስለሚያሳይ ለብቻው ቢታይ ይበቃዋል። በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ እየተዘዋወሩ ተካሂደው በቀጥታ በቴሌቪዥን ሲተላለፉ፣ ዋንጫውን የወሰደው ፋሲል ከነማ ቢሆንም ተመልካቹ ግን ከጎሉ እኩል ስለ ሜዳው ሣር፣ ስለ መብራቱና ስለ አስተናጋጁ ከተማ አቀባበል ይነጋገር ነበር። ሻምፒዮናው የክለቦች ነበር፤ አስተናጋጆቹ ከተሞችም ለብቻቸው ሌላ ውድድር ላይ ነበሩ።

እስካሁን የተናገርነው ጉዳት የሌለው ነገር ይመስላል። ጉዳቱ የሚታየው ታጅፌል ከባልደረቦቹ ጋር በብሪስቶል ባደረገው ሌላ ሙከራ ውስጥ ነው። ዕድሜያቸው 14 እና 15 ዓመት የሆኑ ተማሪዎች የምትወዱት የትኛውን ሠዓሊ ነው ተብለው በሁለት ቡድን ተከፈሉ፤ እውነቱ ግን ክፍፍሉ በዕጣ የተደረገ ነበር። ልጆቹ የቡድን ጓደኞቻቸው እነማን እንደሆኑ እንኳ አያውቁም፣ አልተጣሉም፣ አልተወዳደሩም። ሆኖም ለሌሎች ገንዘብ እንዲያከፋፍሉ ሲጠየቁ ለራሳቸው ቡድን አደሉ። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ግን ሌላው ግኝት ነው፦ ብዙዎቹ ለራሳቸው ቡድን ትልቁን ገንዘብ ከሚያስገኘው ምርጫ ይልቅ ከሌላው ቡድን ጋር ያለውን ልዩነት የሚያሰፋውን ምርጫ መረጡ። የራሳቸው ድርሻ ቢቀንስም ሌላው ይበልጥ እስከቀነሰ ድረስ ደስ አላቸው። በዕጣ በተፈጠረ ቡድን ይህ ከሆነ፣ ተወልደው ባደጉበት፣ አያቶቻቸውን በቀበሩበት ከተማ ስም ሲሆን ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

ይህ ዝንባሌ ወደ መንግሥት አደረጃጀት ሲገባ ወጪ ያስከትላል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1901 በአንድ ፌዴሬሽን ስትተዳደር ሲድኒና ሜልቦርን አንዳቸው ለሌላው ዋና ከተማነትን ሊለቁ ስላልፈለጉ፣ ሕገ መንግሥቱ ዋና ከተማው በኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ ሆኖ ከሲድኒ ቢያንስ 100 ማይል እንዲርቅ፣ እስኪሠራ ድረስም ፓርላማው ሜልቦርን እንዲቀመጥ ደነገገ። በዚህ መንገድ የተገኘችው ካንቤራ ፓርላማውን የተቀበለችው በ1927 ነው። በእኛ አገር ደግሞ አዲስ ከተማ መገንባት ቀርቶ ያሉትን ማከፋፈል ተመርጧል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መሥሪያ ቤቶቹን በቦንጋ፣ በተርጫ፣ በሚዛን አማንና በቴፒ ከፋፍሏል፤ በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልልም ወላይታ ሶዶንና አርባ ምንጭን ጨምሮ በበርካታ ከተሞች ተቀምጧል። ይህ አሠራር ሰላም ያወርዳል፣ አንድም ከተማ ተገፋሁ እንዳይል ያደርጋል፤ ያንን አላቃልልም። በሌላ በኩል አንድ ባለጉዳይ ፊርማ ከአንዱ ከተማ፣ ማኅተም ከሌላው ከተማ መፈለግ ሲኖርበት የኩራቱን ሒሳብ የሚከፍለው እሱ ነው።

ንጽጽርን ከነዋሪ ስሜት አውጥቶ ለባለሙያ መስጠት ይሻላል የሚል ሰው ይኖራል። በየዓመቱ ዜና የሚሆኑት ዓለም አቀፍ የከተሞች ደረጃዎች ለዚህ የተዘጋጁ ይመስላሉና አሠራራቸውን ማወቅ ይጠቅማል። ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቀሰው የኢኮኖሚስት ኢንተለጀንስ ዩኒት ዝርዝር 173 ከተሞችን በአምስት ዘርፎች ይመዝናል፦ ለጸጥታና መረጋጋት 25 ከመቶ፣ ለባህልና አካባቢ 25 ከመቶ፣ ለጤና አገልግሎት 20 ከመቶ፣ ለመሠረተ ልማት 20 ከመቶ፣ ለትምህርት 10 ከመቶ። ቪየና ለተከታታይ ዓመታት አንደኛ ስትሆን ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2025 ቦታውን ለኮፐንሃገን ለቃለች።

እነዚህን ክብደቶች የወሰነው ሰው ነው። ትምህርት ከመቶ 10 ብቻ እንዲይዝ የሚያስገድድ የተፈጥሮ ሕግ የለም፤ አራት ልጆች የምታስተምር እናት ብትጠየቅ 40 ትሰጠው ይሆናል፣ ያን ጊዜም ሰልፉ ይለወጣል። ከዚህም በላይ በዝርዝሩ ውስጥ የኑሮ ውድነት አይገባም። አንድ መምህር በደመወዙ አንድ ክፍል ቤት መከራየት የማይችልባት ከተማ ከላይ ልትቀመጥ ትችላለች። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እንዲህ ያሉ ደረጃዎች በዋነኛነት የሚያገለግሉት ሠራተኛ ወደ ውጭ አገር የሚልኩ ኩባንያዎችን ሲሆን፣ ኩባንያው የሚፈልገው ሠራተኛው ለሚደርስበት ችግር ምን ያህል ማካካሻ እንደሚከፍለው ማወቅ ነው። የቤት ኪራዩን የሚከፍለው ኩባንያው ስለሆነ ውድነቱ በዚያ ሚዛን ላይ ቦታ የለውም። ነዋሪው ይህን ደረጃ ሲያነብ ለሌላ ሰው የተሰፋ ልብስ እየለካ ነው።

ወደ ነዋሪው ስንመለስ ደግሞ ነዋሪ የሚባለውም አንድ ዓይነት ሰው አይደለም። ከከተማው የወጣ ሰው ከተማውን የሚያስታውሰው በወጣበት ዓመት መልክ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ወይም ጂዳ የሚኖር የድሬ ልጅ የሚያወድሳት ድሬዳዋ ባቡሩ እያፏጨ መሐል ከተማ የሚገባባት ድሬዳዋ ናት፤ በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ግን ጣቢያው ከአሮጌው ጣቢያ ርቆ ከከተማው ውጭ ነው። እሱ በትዝታው ውስጥ ያለችውን ከተማ ከሌሎች ከተሞች የዛሬ መልክ ጋር ስለሚያወዳድር የእሱ ከተማ ሁልጊዜ ታሸንፋለች። በቅርብ ሥራ ፍለጋ የመጣው ሰው የሚያወዳድረው ከመጣበት ገጠር ወይም ትንሽ ከተማ ጋር ነው፤ ለእሱ መብራት መኖሩ ራሱ ብዙ ነው። ተወልዶ ያደገው ደግሞ የሚያወዳድረው ከልጅነቱ ጋር ስለሆነ ብዙ ጊዜ ያማርራል። ሦስቱ አንድ ጎዳና ላይ ቆመው ሦስት ከተሞችን ያያሉ።

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረውና በኋላ ወደ ክልል ከተሞች የተስፋፋው የኮሪደር ልማት በዚህ ላይ አዲስ ነገር ጨምሯል። ዛሬ ከተሞች የሚወዳደሩት በሌሊት በተነሳ ፎቶግራፍ ነው፦ የእግረኛ መንገዱ፣ የብስክሌት መስመሩ፣ ፏፏቴው፣ የሕንፃው መብራት። የሚያምር ጎዳና ለነዋሪ ክብር ነው፤ ልጁን ይዞ አመሻሹ ላይ በሰፊ የእግረኛ መንገድ የሚንሸራሸር አባት ደስታው የውሸት አይደለም። ነገር ግን ፎቶግራፍ የሚያነሳው ፊት ለፊት ያለውን ብቻ ነው። የፍሳሽ መስመሩ፣ የጓዳ ቧንቧው፣ ከመንገዱ ኋላ ያለው ሰፈር በምስሉ ውስጥ አይገቡም። ከፒያሳ ተነስተው ወደ ከተማው ዳርቻ የተዛወሩ ሰዎች ለከተማቸው ያላቸው ስሜት ከአንድ ጎዳና ውበት ጋር ብቻ የተሳሰረ አልነበረም፤ ከዕድራቸው፣ ከጉርብትናቸው፣ በዱቤ ከሚሰጣቸው ባለሱቅ ጋርም የተያያዘ ነበር። ይህ በየትኛውም የከተሞች ንጽጽር ውስጥ ዓምድ የለውም።

ነዋሪው ሁለት አንደበት እንዳለውም መረሳት የለበትም። ለእንግዳ ሲናገር ከተማውን ያሞግሳል፤ ይህ የጨዋነት ወግ ነው፣ ገበናን በሰው ፊት አይገልጡም። ከጎረቤቱ ጋር ሲሆን ስለ ውሃው፣ ስለ ትራንስፖርቱ፣ ስለ ቤት ኪራዩ ያማርራል። የመጀመሪያውን አንደበት ብቻ የሚሰማ ሹም ሕዝቡ ረክቷል ብሎ ሊያምን ይችላል፤ ሁለተኛውን ብቻ የሚሰማ ጋዜጠኛ ደግሞ ነዋሪው ከተማውን ጠልቷል ብሎ ይጽፋል። ሁለቱም ተሳስተዋል። አብዝቶ የሚያማርረው ነዋሪ ብዙ ጊዜ ከተማውን አጥብቆ የሚወደው ነው፤ የማይመለከተው ሰው ዝም ብሎ ዕቃውን ይጭናል። ከተሞች እርስ በርስ የሚገናኙባቸው መድረኮች፣ ለምሳሌ በ2009 ዓ.ም. በጎንደር፣ በ2011 ዓ.ም. በጅግጅጋ የተካሄዱት የኢትዮጵያ ከተሞች ፎረሞች፣ በባሕርያቸው የመጀመሪያው አንደበት መድረኮች ናቸው፤ እያንዳንዱ ከተማ በድንኳኑ ውስጥ የሚያሳየው ያማረውን ነው። ልምድ ለመለዋወጥ ይጠቅማሉ። ከተማን ለማወቅ ግን ሁለተኛውን አንደበትም መስማት ያሻል።

በእኔ አስተያየት ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመውና ከሁሉ ያነሰ የሚደረገው ንጽጽር በአንድ ከተማ ውስጥ በሰፈርና በሰፈር መካከል የሚደረገው ነው። ድሬዳዋ ከሐረር ትበልጣለች ወይ የሚለው ጥያቄ ለማንም ውሃ አያመጣም፤ ከዚራ በሳምንት ስንት ቀን፣ ገንደ ቆሬ ስንት ቀን ውሃ ያገኛሉ የሚለው ጥያቄ ግን መልስ ሊሰጥበት የሚገባ ሰው አለው። ለዚህ ጥያቄ ዓለም አቀፍ ተቋምም ሆነ አዲስ ቆጠራ አያስፈልግም። ውሃ በፈረቃ በሚታደልበት ከተማ የፈረቃው ዝርዝር በየሰፈሩ ስምና በየዕለቱ ተከፋፍሎ ይወጣል፤ አብዛኛው ሰው የራሱን ሰፈር መስመር ፈልጎ ቀኑን ካየ በኋላ ወረቀቱን ይዘጋል፣ ከላይና ከታች ያሉትን መስመሮች አያነብም።